ያልተረጎምሁት ስም

እማሆይ ወለተ ሐና በሕይወት ሳሉ ይህን መጻፍ አለብኝ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። እሳቸው ያደረግሁትን ለማንም አልተናገሩብኝም። የጀልባው ባለቤት ጋሽ ይርጋም አልተናገሩም። ሁለት ሰው ዝም ያለልኝ ነገር፣ አገር ቢያወራብኝ ኖሮ ከሚከብደኝ በላይ ከበደኝ።

እመቤት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። አባቴ የፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ እናቴ የመራዊ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ተምሬ የአስጎብኚነት ፈቃድ ባወጣሁ ሰሞን እንግዳ ከከተማችን ራቀ። መንገድ ይዘጋል፣ በረራ ይሰረዛል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ሐይቁ ዳር የታሰሩት ጀልባዎች ሸራቸው በፀሐይ ነጣ። እኔም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ የሰው ማመልከቻ መተየብ ጀመርሁ። ነገሩ ረገብ ሲል አልፎ አልፎ አንድ ሁለት እንግዳ ብቅ ማለት ጀመረ። አንዱን እንግዳ ለማግኘት ሃያ አስጎብኚ እንሻማለን።

ያን ጊዜ ነው መዋሸት የጀመርሁት። መጀመሪያ በጥቂቱ ነበር። ከእንግዶች ጋር ስውል አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እውነቱን ስነግራቸው በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "ይህ ለሁሉም አይነገርም" ስላቸው ግን ካሜራቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ በኢንተርኔት ገጼ ላይ "የጣና ገዳማት የተሰወሩ ዕፅዋት" የሚል ጉብኝት ጨመርሁ። የተሰወረ ዕፅዋት የሚባል ነገር አላውቅም። የማውቀው እናቴ ግቢ ያለውን ጤና አዳም ነው።

ይህን አይቶ ቶማስ የሚባል ሰው ከካናዳ ጻፈልኝ።

ቶማስ በተራራማ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። የሚያበቅለው ግን ካናቢስ ነው። እኛ ሀሺሽ የምንለው፣ እዚህ ይዞ የተገኘ ሰው የሚታሰርበት ዕፅ፣ በእሱ አገር በሕግ ተፈቅዶ በሱቅ ይሸጣል። የእሱ ሱቅ ትንሽ ናት። ራሱ ይተክላል፣ ራሱ ያደርቃል፣ ራሱ በትንንሽ ቆርቆሮ ያሽጋል። ከከተማ የሚመጡ ጎብኚዎች ተራራውን ያያሉ፣ እርሻውን ይጎበኛሉ፣ ማታ የአገሬውን ዘፈን ይሰማሉ፣ ቆርቆሯቸውን ገዝተው ይመለሳሉ። በሸለቆው ውስጥ እንዲህ ያለው ሱቅ ስለ በዛ የራሱን ከሌላው የሚለይበት ታሪክ ፈለገ።

"መነኮሳቱ ለጸሎት የሚጠቀሙበት ቅጠል አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ካለ ታሪኩን ከራሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ሕጋችሁን አውቃለሁ፤ ምንም ይዤ አልመጣም፣ ምንም ይዤ አልወጣም።"

መልሱ "የለም" ነበር። አንድ ቃል ነው። የኛ መነኮሳት በጾምና በስግደት ነው የሚጸልዩት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቢሰሙ ያዝናሉ። ይህን እያወቅሁ "ለሁሉም የማይነገር ነገር አለ፤ ና፣ አሳይሃለሁ" ብዬ ጻፍሁለት።

ወዴት እንደምወስደው ሳስብ እማሆይ ወለተ ሐና ትዝ አሉኝ። እማሆይ በዘጌ በኩል ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ከቡናው ጫካ ጠርዝ፣ በአንዲት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። ከቤታቸው ጀርባ የመድኃኒት ተክል ያለባት ጓሮ አለቻቸው። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ጉብኝት ሄደን ምች መትቶኝ ወድቄ ነበር። እሳቸው ዳማከሴ በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱኝ፣ ጭማቂውን አጠጡኝ፣ ነጠላቸውን አልብሰው አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር "ልጄ" ይሉኛል። እንግሊዝኛ የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። ጠይቄያቸውም አላውቅም።

ቶማስ በጥር ወር በአንዱ ማለዳ መጣ። ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይለቀው ዓይነት እጅ አለው፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ ነው። በጋሽ ይርጋ ጀልባ ተሳፍረን ወደ ዘጌ ስንሄድ እኔ ሳላቋርጥ አወራሁ። ስለ ሐይቁ ጉማሬዎች፣ ስለ ገዳማቱ ሥዕሎች፣ ስለ ከበሮዎቻቸው። ከማወራው ግማሹን የፈጠርሁት እዚያው ጀልባው ላይ ነው። እሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ጋሽ ይርጋ ሞተሩን ይዘው ጀርባችን ተቀምጠዋል። ዓመታት እንግዳ ስላመላለሱ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ዘወር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ወደ ውኃው መለሱ።

እማሆይ ጓሯቸውን ውኃ ሲያጠጡ ደረስን። እጅ ነሣኋቸው፤ ቶማስም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

"ምን ይሠራል ሰውዬው?" አሉኝ።

"ገበሬ ነው እማሆይ።"

"የምን ገበሬ?"

"የመድኃኒት ተክል ነው የሚያበቅል። እንደ እርስዎ።"

አንድ ጊዜ አዩኝና "ጎሽ" አሉ።

ጓሮውን እያዞሩ አሳዩን፤ ዳማከሴው ጋ ሲደርሱ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው አሽተው ለቶማስ አቀረቡለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ረዘም ላለ ጊዜ አሸተተው።

"ይህ የኔ ተክል ዘመድ አይደለም" አለኝ። "ሽታው ወደ በሶብላ ነው የሚሄደው። ለምንድን ነው የሚጠቀሙበት?"

ጠየቅኋቸው። "ለምች ነው" አሉ እማሆይ። "አሽቶ ማሽተት ነው፣ ጭማቂውንም መጠጣት ነው። ትኩሳት ያበርዳል፣ ራስ ምታት ያስታግሳል። ሌላ የለውም።"

እኔ እንዲህ ብዬ ተረጎምሁ። "ከሌሊቱ ጸሎት በፊት ያጥኑታል ይላሉ። ጭሱን ወደ ውስጥ ይስቡታል። ራስን ያቀልላል፣ ልብን ወደ ላይ ያነሣል። ከእናቶች ወደ እናቶች ሲወርድ የመጣ ነው።"

ቶማስ ደብተሩን አወጣ። እማሆይ ይመለከቱኛል። አስታውሳለሁ፣ ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም አነጋገሬ አምሮልኝ በራሴ ረካሁ።

ሌላም ጠየቀ፤ ሌላም ጨመርሁ። ስለ ቀበርቾ ጠየቀ፣ ስለ ጤና አዳም ጠየቀ። እሳቸው ስለ ሆድ ቁርጠት ሲሉ እኔ ስለ ራእይ እላለሁ። በመጨረሻ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ለእናት ንገሪልኝ" አለኝ። "ባለቤቴ ታማለች። ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ነው። እኔ የማበቅለው ቅጠል ትንሽ ያስታግሳት ነበር፤ አሁን እሱም አልሆነላትም፣ እንቅልፍ የላትም። እኔ ሃይማኖተኛ አይደለሁም፣ እሷ ናት። እዚህ እንደምመጣ ስነግራት 'የሚጸልዩ ሰዎች ካገኘህ ስሜን ንገራቸው' ብላኛለች። ኤለን ትባላለች።"

ሰማሁት። አልሰማሁም ብዬ እንዳላመካኝ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ጋሽ ይርጋ ቶሎ እንድንመለስ አስጠንቅቀውናል። እማሆይ ጸሎት ከጀመሩ ደግሞ ቶሎ አይጨርሱም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። በብዙ ድካም የሠራሁትን የምስጢር ስሜት የበሽተኛ ወሬ እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ።

"ግቢዎን በጣም ወድዶታል" አልኋቸው።

እማሆይ ቶማስን አዩት። ዓይኑ እርጥብ ነበር። "ይህን ሁሉ ተናግሮ ይኸን ብቻ?" አሉኝ።

"ፈረንጅ ቃል ያበዛል እማሆይ።"

"እንዲያ ነው?" አሉ። ቶማስም መልስ ይጠብቃል። "ስሟን በጸሎት ይይዛሉ" አልሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው።

ስንሰናበት እማሆይ እጄን ያዙኝ። "ነገ ትመጣላችሁ?"

"አዎ፣ ሊሰናበትዎ ይፈልጋል።"

"እንግዲያ ነገ ደኅና አድርገሽ ትነግሪኛለሽ" አሉ። የአሮጊት ጨዋታ መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሆቴሉ ስደርስ ቶማስ በረንዳው ላይ ታብሌቱን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ሌሊቱን ሲሠራ ነው ያደረው። የቆርቆሮውን ክዳን ንድፍ አሳየኝ። በመሀሉ የእማሆይ ፊት በእርሳስ ተሥሏል፤ ቆባቸው፣ መስቀላቸው፣ የዓይናቸው ሥር ሽብሽብ ሳይቀር። ዙሪያውን የካናቢስ ቅጠል ከቦታል። ከሥሩ "የሐይቁ እናቶች የሌሊት ጸሎት" የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

"የፈቃድ ወረቀትም አዘጋጅቻለሁ" አለኝ። "ቃል በቃል ተርጉሚላቸው። ምን ላይ እንደሚለጠፍ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሁሉንም። ካልፈለጉ ይቀራል። ከፈለጉ ለቤተ ክርስቲያናቸው ድርሻ ይኖራታል። አንቺም በየዓመቱ የማመጣቸውን ጎብኚዎች ትይዢልኛለሽ።"

አያችሁ፣ ሰውዬው በሩን ከፍቶልኝ ነበር። "ቶማስ፣ ትናንት ያልሁህ እውነት አይደለም" ለማለት ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። እኔ ግን የሰማሁት "በየዓመቱ" የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ከፎቶ ኮፒው ቤት የምወጣበት መንገድ ታየኝ።

እማሆይ በራቸው ላይ ትንሽ የእንጨት ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል። ለኛም ቁርበት አንጥፈውልናል። ቶማስ ታብሌቱን አቀረበላቸው። መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ፤ አንዱ ክንፉ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ረጅም ጊዜ አዩት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ምን ይላል ጽሑፉ?"

"ስለ ዳማከሴ ነው እማሆይ። መድኃኒቱን ከየት እንዳገኘው ሰው እንዲያውቅ ነው።"

"ዙሪያዬ ያለው ቅጠል ዳማከሴ ነው?"

"እንዲያው ለጌጥ ነው።"

"ወረቀቱስ?"

"ፈቃድዎን ነው የሚጠይቅ። እዚህ ላይ በጣትዎ ቢያትሙ ለቤተ ክርስቲያኗም ጥቅም አለው።"

መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ቀስ ብለሽ እንደገና ንገሪኝ። ጊዜ አለን። ማንም አያጣድፍሽም።"

እንደገና ያንኑ ነገርኋቸው። ድምፄ ግን እንደ ትናንቱ አልታዘዝ አለኝ።

"አንድ ጊዜ ደግሞ" አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ደገምሁ። ቶማስ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ እያየ ነው።

እማሆይ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ቶማስ ዞረው በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

አነጋገራቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው። ግን ጥርት ያለ ነው።

"ሚስተር ቶማስ። ይህ ቅጠል ጭስ የለውም። ለትኩሳት ነው፣ ለራስ ምታት ነው። መነኮሳት አያጨሱም፣ ለጸሎት ቅጠል አንጠቀምም። ልጅቷ ተሳስታለች።"

"ዋሽታለች" አላሉም። "ተሳስታለች" ነው ያሉት። መሬቱን አየሁ። አንድ ቅጠል ላይ የምትሄድ ጉንዳን ነበረች፤ እስክታልፍ ድረስ ከእሷ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።



እማሆይ ቀጠሉ። "ሚስትህ። ኤለን ነው ያልኸኝ?"

ሰውዬው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"የት የት ያማታል? ሌሊት ይብሳል ወይስ ቀን? ትበላለች?"

ያ ግዙፍ ሰው ቁርበቱ ላይ እንዳለ ጉልበቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰ መለሰላቸው። ወገቧን፣ ዳሌዋን፣ ሌሊት እንደሚብስባት፣ ከሾርባ በቀር እንደማይወርድላት። እማሆይ እንደ ሐኪም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

"እመቤት፣ አሁን ተርጉሚልኝ። እንግሊዝኛዬ እዚህ ላይ አለቀ። ያልሁትን ብቻ።"

"እሺ እማሆይ።"

"ለአጥንት ሕመም የሚሆን መድኃኒት የለኝም በይው።"

ተረጎምሁ።

"ቢኖረኝ አልሸሽገውም ነበር። ሐኪሞቿ የሚሏትን ትስማ። አንተም አጠገቧ ሁን፤ ሰው ሌሊት ብቻውን ሲታመም ነው የሚብስበት።"

ተረጎምሁ።

"ስሟን ግን እይዛለሁ። ትናንት እሱ ሲናገር ሰምቼ ሌሊት በጸሎቴ አንሥቻታለሁ፤ ይኸንንም ንገሪው።"

እዚህ ላይ አልቻልሁም። አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝሁ። እማሆይ አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝምም። ጠበቁኝ። እንደ ምንም ጨረስሁት።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና "አቡነ ዘበሰማያት" አሉ። ቶማስም ተነሥቶ ቆመ። በመሀሉ "ኤለን" የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ ሰማሁ። እማሆይ ሲጨርሱ ቶማስ ታብሌቱን አንሥቶ በፊታቸው ንድፉን አጠፋው። ወረቀቱንም አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ ጠየቃቸው። ይህንም ተረጎምሁ፤ "አታላይ ሰው አምኜ እርስዎን አስቸገርሁ" ነው ያለው። ቃሉን ሳልቀንስ አደረስሁ።

"እግዜር ይመስገን፣ ምንም አላስቸገረኝም በይው" አሉ።

ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር በጀልባ ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ለእኔ ግን ያን ያህል ረጅም መንገድ ተጉዤ አላውቅም። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። መሀል ላይ ስንደርስ ቶማስ ደብተሩን አውጥቶ ከፈተና ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

"ከነገርሽኝ ውስጥ ሌላ እውነት ያልሆነው የትኛው ነው?" አለኝ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጀመርሁ። የሥዕሎቹ ቀለም ከዚያ ቅጠል ጋር ይፈጫል ያልሁህ እውነት አይደለም። አሮጌው ከበሮ በራሱ ጊዜ ይመታል ያልሁህም። ትልቁ ዛፍ ሥር ስለ ተቀበረው መጽሐፍ የነገርሁህን ራሴ ነኝ የፈጠርሁት። አንዱን ስናገር ሌላው ትዝ ይለኛል። እሱ በየገጹ መስመር ያሠምርበታል። የብዕሩ ድምፅ በሞተሩ መካከል ይሰማኛል። አንዱን ዘልዬ ሳልፍ ጋሽ ይርጋ ከኋላዬ በአማርኛ "የጉማሬውንም ንገሪው፣ እቴ" አሉኝ። የጉማሬውንም ነገርሁት።

ሲጨርስ ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ስለ አገሩ አወራኝ። "አባቴ ድንች ገበሬ ነበር" አለ። "ይህን ተክል እስኪሞት ድረስ ይጠላው ነበር። ዛሬ ጎብኚ ይዘው የሚመጡት ልጆች የአባቴን ጎተራ እያሳዩ 'ሽማግሌው በዚህ ውስጥ ተደብቆ ያበቅል ነበር' ይላሉ። ደንበኛ ይወድደዋል። እኔም እዚያው ቆሜ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ውሸት ነው ብዬ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ታሪኩ እኔ በአንቺ ልፈርድ አልችልም።"

ትንሽ አየር ያገኘሁ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁት።

"ግን የኤለንን ስም አልነገርሻቸውም" አለኝ። "ደግሞ እንደነገርሻቸው ነገርሽኝ። ለምን?"

"ነፋስ እንዳይነሣ ብዬ ነው" ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት። ወደቡ ላይ ጋሽ ይርጋን ጨበጣቸው፤ እኔንም ጨበጠኝና ሄደ። በማግሥቱ በረረ።

እኔ ገጼን ዘጋሁ። ለሁለት ሳምንት ከቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤት ብቻ ነበር መንገዴ። እናቴ ያመመኝ መስሏት ዳማከሴ ልቁረጥልሽ ስትለኝ ከፊቷ ተነሥቼ ወጣሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ዘጌ ሄድሁ።

እማሆይ እግር ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና ዱካቸው ላይ አስቀመጡኝ። በዚያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ወጣት ሳሉ፣ ከመመንኮሳቸው በፊት፣ የውጭ አገር ሐኪሞች ባሉበት ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ ከዚያም በላይ ለሐኪሙና ለበሽተኛው ያስተረጉማሉ።

"ሐኪሙ የገበሬውን ቋንቋ አያውቅም" አሉኝ። "ገበሬው የሐኪሙን አያውቅም። ሁለቱም አንቺን አምነው አፍሽ ውስጥ ገብተዋል። እዚያ ቦታ የቆመ ሰው የራሱ የሆነ ነገር ሊናገር አይገባውም።"

"በመጀመሪያው ቀን ለምን ዝም አሉኝ እማሆይ?" አልሁ።

"አድራ ትመለስ እንደሁ ብዬ ነው። ለሰው አንድ ሌሊት ይሰጠዋል።"

አንድ ሌሊት ተሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት ስለሚመጡት ጎብኚዎች እያሰብሁ ደኅና እንቅልፍ ተኝቼ ነው ያደርሁት።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉኝ። "በቅጠሉ ያልሽው አላስቀየመኝም፤ ያንን አንድ ሰው ያርመዋል። ያሳዘነኝ ሌላው ነው። ሰውዬው ከልቡ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ አንቺ እሷኑ ጣልሻት።"

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ውሸት ማለት የሌለውን መጨመር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጨምሬም ብዙ አጥፍቻለሁ፤ አንዲት ለጸሎት የኖሩ እናት ፊት በሀሺሽ ቆርቆሮ ላይ ሊዞር አንድ ጣት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያቃጥለኝ የተውሁት ነው። የጨመርሁትን ሁሉ ጀልባ ላይ አንድ በአንድ ሰርዣለሁ። ያን የተውሁትን ስም በጊዜው ቦታው ላይ ልመልሰው አልችልም። እናንተም በሥራችሁ የሰው ቃል የምታደርሱ ከሆናችሁ፣ ጸሐፊ ሁኑ፣ ነርስ ሁኑ፣ የሽማግሌ መልእክተኛ ሁኑ፣ የምትዘሉት ነገር የሰውዬው ዋና ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከእኔ ስሙ።

ዛሬም አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ሲጠይቀኝ የማላውቀውን "አላውቅም" እላለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አሮጌው ልማዴ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ጨርሶ ለቆኛል አልላችሁም።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቶማስ ጻፈልኝ። ለእኔ ሰላምታ የለውም። "ለእናት እንዲነበብ" ይላል። ወረቀት ላይ አትሜ ወደ ዘጌ ሄድሁ፤ እማሆይ ፊት ቁጭ ብዬ አንብቤ ተረጎምሁላቸው።

ኤለን ዐርፋለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እሱ እርሻውን ለሰው ትቶ አጠገቧ ሆኗል። ሌሊት ሌሊት ስለ እማሆይ ይነግራት ነበር። ጎተራው ጋ የሚነገረውን የአባቱን የሐሰት ታሪክ አስቀርቷል። ከዚህ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ እሱ ላይ ስደርስ ቆምሁ።

"ምን ይላል?" አሉ እማሆይ።

"'ያቺን ልጅ ይቅር ልላት እየሞከርሁ ነው፤ ገና አልቻልሁም' ይላል።"

"ሌላስ አለው?"

"የለውም እማሆይ። መጨረሻው ይኸው ነው።"

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አንሥተው "በይ ተነሽ፣ ለነፍሷ እንጸልይ" አሉኝ። አጠገባቸው ቆምሁ። ስሟን እንድጠራ ምልክት ሰጡኝና ጠራሁት።